በማዘዣው ግርጌ የፈረመው ማን ነው?

ባለፈው ሴሚስተር ማለቂያ ላይ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። መነሻው ከአሜሪካ የተደወለ ስልክ ነው። የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ከሁለት ያገር ልጆች ጋር ተጋርቶ በሚኖርበት ቤት ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ሲያዩ የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው በመስኮቱ መስታወት ላይ ወረቀት ደግፎ «ማዘዣ ይዘናል፣ ክፈቱ» ይላል። ልጆቹ ከፈቱ። የሚፈለገው ሰው ቤቱን ለቆ ከሄደ ዓመት አልፎታል። ሰዎቹ ግን አንዴ ከገቡ ወዲያ የሁሉንም ወረቀት አዩ፣ ቁም ሣጥን ከፈቱ፣ ፍራሽ አነሡ፣ ከዚያ ወጥተው ሄዱ። ወንድምየው የመኖሪያ ፈቃዱ ደህና ስለሆነ የደረሰበት ነገር የለም። ቢሆንም በስልክ ሲያወራ ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

ከእኛ ግማሹ «አገር ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ካላወቀ ምኑን አገር ሆነ? ወረቀቱ ደህና የሆነ ሰው ምን ያስፈራዋል?» አለ። ግማሹ ደግሞ «ዛሬ የመጤው በር፣ ነገ የማንም በር» ብሎ ተነሣ። ጸጥታና ነጻነት በሚዛን ተቀምጠው አንዴ ይኸ ሲደፋ አንዴ ያ ሲደፋ ሌሊቱ ተጋመሰ። አንድ የሕግ ተማሪ ጋቢውን ተከናንቦ ሲያዳምጥ ቆይቶ በመጨረሻ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጣለ፤ «በወረቀቱ ግርጌ የፈረመው ማን ነበር?» ማንም አላወቀም። ጥያቄዋን ይዘን ቤተ መጻሕፍት ገባን። እዚህ የምናቀርበው ከዚያ ያገኘነውን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የማዘዣ ነገር በአሜሪካ ምድር የቆየ ቂም ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ የጉምሩክ ሰዎች ያልተቀረጠ ዕቃ ፍለጋ በፈለጉት ቤትና መጋዘን የሚገቡበት አንድ ዓይነት ወረቀት ነበራቸው። የሰው ስም የለበትም፣ የቤት አድራሻ የለበትም፣ ንጉሡ እስካለ ድረስ አያረጅም። በ1761 ጄምስ ኦቲስ የሚባል ጠበቃ ለቦስተን ነጋዴዎች ቆሞ ይህን ወረቀት ተከራከረበት። ተረታ። ክርክሩ ግን አልተረሳም፤ በ1791 በሕገ መንግሥቱ ላይ በተጨመረው አራተኛ ማሻሻያ ውስጥ ገባ። ማሻሻያው የሚለው ባጭሩ፦ ሰው በአካሉ፣ በቤቱ፣ በወረቀቱና በንብረቱ ያለ አግባብ አይፈተሽም፤ ማዘዣ የሚወጣው በቂ ምክንያት በመሐላ ሲቀርብና የሚፈተሸው ቦታ፣ የሚያዘው ሰው ወይም ዕቃ ለይቶ ሲጻፍ ብቻ ነው። ልብ እንበል፣ «ዜጋ» አይልም፤ «ሕዝብ» ነው የሚለው። በኋላ ፍርድ ቤቶች አንድ ነገር አከሉበት፤ ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ፈላጊው ራሱ ሳይሆን በነገሩ ውስጥ እጁ የሌለበት ዳኛ መሆን አለበት አሉ። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የራሳችን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ፖሊስ ለብርበራ ከፍርድ ቤት ማዘዣ እንዲያመጣ ያዛል።

ታዲያ ለስደተኛው ይህ ሁሉ ለምን አልሠራም? መልሱ ከአንዲት ቃል ይጀምራል። በ1892 የአሜሪካ ምክር ቤት ቻይናውያን ሠራተኞች የመኖሪያ ወረቀት እንዲይዙ፣ ሳይዙ ከተገኙም እንዲባረሩ ሕግ አወጣ። በዓመቱ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ፍርድ ቤቱ «ከአገር ማስወጣት ቅጣት አይደለም» ብሎ ወሰነ። ቅጣት ካልሆነ የወንጀል ጉዳይ አይደለም። የወንጀል ጉዳይ ካልሆነ የወንጀል ተከሳሽ የሚያገኘው ዋስትና ሁሉ አይከተለውም። የመያዣውን ወረቀት ዳኛ ሳይሆን የመሥሪያ ቤት ሹም ቢፈርመው ይበቃል። ሦስት ዳኞች ተቃውመው ጻፉ። ድምፃቸው ግን አላሸነፈም። ሰው ከቤቱ፣ ከልጆቹና ከሥራው ተነጥሎ ባሕር ሲሻገር «አልተቀጣህም» ቢሉት ምን ብሎ እንደሚመልስ እንጃ።

የቃሏ ውጤት ሙሉ ሆኖ የታየው በ1919 እና በ1920 ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸፍን እንናገር፤ ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። በ1919 ኤፕሪል 36 ያህል ቦምቦች በፖስታ ተላኩ። ለአንድ የቀድሞ ሴናተር የተላከውን ጥቅል የከፈተች የቤት ሠራተኛ ሁለት እጆቿን አጣች። ጁን 2 ደግሞ በስምንት ከተሞች ባንድ ሌሊት ቦምብ ፈነዳ። አንደኛው በዋሽንግተን የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን የሚቸል ፓልመርን ቤት ፊት ለፊት አፈረሰው፤ ቦምቡን ያመጣው ሰው እዚያው በራፍ ላይ ተበጣጥሶ ቀረ። ፓልመር የፈራው በሥራው ብቻ አይደለም፣ በልጁና በሚስቱም ነው። እንዲህ የደረሰበትን ሰው «ነጻነት፣ ነጻነት» እያሉ መስበክ ቀላል አይደለም። የመኝታ ክፍላችን የጸጥታ ወገን ይህን ሲያነብ «አላልንም?» ብሎን ነበር።

ነገር ግን ፓልመር ምን አደረገ? ቦምብ የጣሉትን ሰዎች በወንጀል ሕግ ፈልጎ ማግኘት አቃተው። ስለዚህ ወደ ቀላሉ መንገድ ዞረ። በ1918 የወጣው የስደተኞች ሕግ መንግሥትን በኃይል መገልበጥ የሚያስተምር ድርጅት አባል የሆነ የውጭ አገር ሰው ይባረር ይላል። ምንም ማድረጉ አይጠየቅም፤ አባልነቱ ይበቃል። ዳኛ የለም፣ የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ የለም። የፍትሕ ሚኒስቴር አንድ አዲስ ክፍል አቋቁሞ ኤድጋር ሁቨር የሚባል የ24 ዓመት ልጅ ሾመበት። በእኛ ዕድሜ ማለት ነው! ልጁ ቀድሞ በቤተ መጻሕፍት ሠርቶ ስለነበር የመጻሕፍቱን የካርድ አያያዝ ወደ ሰው አዞረው፤ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ሺህ በላይ ካርድ ተሞላ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ማለት እንዲህ ነው።

ኖቬምበር 7 በ12 ከተሞች የሩሲያ ሠራተኞች ማኅበር ተወረረ። ኒው ዮርክ ላይ የተወረረው ቤት የማታ ትምህርት ይሰጥበት ነበር። አልጀብራ የሚያስተምር አንድ መምህር መነጽሩን አውልቅ ተብሎ ራሱን ተመታ። (አልጀብራ መንግሥት ይገለብጣል ወይ? የሒሳብ ክፍል ጓደኞቻችን ይመልሱ።) በዲሴምበር 21 ኤማ ጎልድማንን ጨምሮ 249 ሰዎች ቡፎርድ በምትባል አሮጌ መርከብ ተጭነው ወደ ሩሲያ ተላኩ። ጋዜጣው አጨበጨበ።

ዋናው ዘመቻ የተደረገው በጃንዋሪ 2 ቀን 1920 ማታ ነው። ቀደም ብሎ ለየከተማው ወኪሎች የተላከው የምስጢር መመሪያ በኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ ስለተነበበ ዛሬ ምን እንደሚል ይታወቃል። በየድርጅቱ የሰረጉ ሰላዮች ካሉ የዚያን ዕለት ማታ ስብሰባ እንዲጠሩ አድርጉ ይላል። ቤት የምትገቡበትን ዘዴ ራሳችሁ ፈልጉ ይላል። የፍርድ ቤት የብርበራ ማዘዣ አውጡ የሚለው እጅግ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው። የተያዘ ሰው ከውጭ ከማንም ጋር እንዳይገናኝም ያዛል። የመያዣዎቹ ነገር ደግሞ ይብሳል። የስደተኛ ጉዳይ በሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ስለነበር 3000 ያህል ማዘዣ ጆን አበርክሮምቢ በተባለው የዚያ ሚኒስቴር ሹም እጅ በጅምላ ተፈረመ። ከሁሉ የሚገርመን ግን በዓመቱ የመጨረሻ ቀናት የተደረገችው የደንብ ለውጥ ናት። እስከዚያ የተያዘ ሰው ገና ምርመራው ሲጀመር ጠበቃ የመያዝ መብት እንዳለው ይነገረው ነበር፤ በአዲሱ ደንብ ግን የመንግሥት ጥቅም እስኪጠበቅ ድረስ ሊቆይ ይችላል ተባለ። በሌላ አነጋገር ሰውዬው ራሱን ከከሰሰ በኋላ ጠበቃ ይምጣለት።

በዚያች ሌሊት ከ30 በሚበልጡ ከተሞች አዳራሹ፣ ቡና ቤቱ፣ መኖሪያው ተበረበረ። ሊን በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ 39 ሰዎች ተያዙ፤ ተሰብስበው የነበረው የኅብረት ሥራ ዳቦ ቤት ለማቋቋም ነው። ዲትሮይት ላይ 800 ያህል ሰው መስኮት በሌለው ኮሪዶር ውስጥ ለቀናት ታጎረ፤ መጸዳጃው አንድ ነው። ሃርትፎርድ ላይ የታሰረ ዘመዱን ሊጠይቅ የሄደ እሱም ታሰረ፤ መጠየቁ ራሱ ማስረጃ ሆነበት። ቦስተን ላይ እስረኞች በሰንሰለት ተጠላልፈው በከተማው መንገድ ተነዱ፣ ፎቶግራፍም ተነሡ፤ ከዚያ በወደቡ ውስጥ ባለችው ዲር በተባለች ደሴት በክረምት ብርድ ተቀመጡ። አብዛኛው ማዘዣው በስሙ የወጣ እንኳ አልነበረም፤ መጀመሪያ ተያዘ፣ ወረቀቱ ኋላ በቴሌግራም ተጠየቀለት። ሉዊስ ፖስት በኋላ ሲናገር በመላ አገሪቱ የተገኘው መሣሪያ 3 ሽጉጥ ብቻ ነው ብሏል።

ፖስት ማን ነው? ታሪኩ የሚጣፍጠው እዚህ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር የሆነ፣ ሰባ ዓመት የሞላው፣ ጺማም ሽማግሌ። በ1920 ማርች ሚኒስትሩ ታሞ፣ አበርክሮምቢም ለሴናተርነት ሊወዳደር ወደ አላባማ ሄዶ ስለነበር ወንበሩ በድንገት ለሱ ቀረ። ከወንበሩ ጋር የመዝገቦቹ ክምር ተረከበ። ያደረገው ነገር ጀብዱ አይደለም፤ አነበበ። መዝገቡን አንድ ባንድ አነበበ። በክምሩ ውስጥ ያገኛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ፓርቲ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ የማያውቁ፣ ስማቸው ከአንድ ማኅበር ወደ ሌላው በዝርዝር የተላለፈ፣ ማታ ማታ ሙዚቃ ሊሰሙ ወይም እንግሊዝኛ ሊማሩ የሚሄዱ ነበሩ። ፖስት ሦስት ነገር ጠየቀ። ሰውዬው አባል መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ? ቃሉን የሰጠው ጠበቃ እንዲኖረው ተደርጎ ነው ወይ? በማስረጃነት የቀረበው ወረቀት የተገኘው በሕጋዊ ብርበራ ነው ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ የተደገፈው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ጃንዋሪ ወር በሰጠው ውሳኔ ነበር፤ መንግሥት በሕገ ወጥ ብርበራ ባገኘው ነገር ሊጠቀምበት አይችልም የሚል ነው። ያ ውሳኔ ስለ ወንጀል ክስ ነው። ፖስት ግን «ለወንጀለኛ የተከለከለው ወንጀል ላልሠራው ሊፈቀድ ነው?» ብሎ ወደ ስደተኛው መዝገብ አመጣው። እስከ ኤፕሪል አጋማሽ 1600 ያህል መዝገብ ጨርሶ ከመቶው 70 ያህሉን ሰረዘ።

ጩኸቱን ገምቱት። የምክር ቤት ሰዎች ፖስትን ከሥልጣን ለማውረድ ተነሡ። በሜይ ወር ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መዝገብ እየጠቀሰ መለሰላቸው፤ ሲጨርስ ኮሚቴው ነገሩን ማንሣት አልፈለገም። ፓልመር በበኩሉ ለሜይ 1 አብዮት ይፈነዳል ብሎ አገሩን አስጠነቀቀ። ፖሊስ ሌሊቱን ቆሞ አደረ፣ አብዮቱ ግን ቀረ። በዚያው ወር ፍራንክፈርተርን ጨምሮ 12 የታወቁ የሕግ ሰዎች የፍትሕ ሚኒስቴርን ሕገ ወጥ ሥራ የሚዘረዝር ጽሑፍ አወጡ። ቦስተን ላይም ዳኛ ጆርጅ አንደርሰን የእስረኞቹን አቤቱታ ሰምቶ በጁን ወር ፈረደ። በውሳኔው ውስጥ ያለው ሐሳብ፣ ረብሻ የመንግሥት ሰው ቢያደርገውም ረብሻ ነው የሚል ነው። (ከሁለት ዓመት በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የውሳኔውን አንድ ክፍል ሽሮታል።) በመጨረሻ ከአገር የወጡት ከ600 አይበልጡም።

ለጸጥታው ወገን ግን አንድ ጥያቄ አለን። በ1920 ሴፕቴምበር 16፣ ይህ ሁሉ አሰሳ ካለፈ በኋላ፣ ኒው ዮርክ ዎል ስትሪት ላይ በጋሪ የመጣ ቦምብ ፈንድቶ ከ30 በላይ ሰው ገደለ። ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ በፍርድ አልተረጋገጠም። በሺህ የሚቆጠር ዳቦ ጋጋሪና የማታ ተማሪ ሲያሳድድ የከረመው መሥሪያ ቤት ጋሪውን አላየውም። እንግዲህ ነጻነቱ ከሚዛኑ ወርዶ የተገዛው ጸጥታ የትኛው ነው?

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል ቢሆን ደስ ባለን። የ1957ቱ ጉዳይ ግን ከባድ ነው። ሩዶልፍ አቤል የተባለው ሰው እውነተኛ የሶቪየት ሰላይ ነበር። የምርመራ ፖሊሶቹ በወንጀል ሊይዙት የሚያበቃ ማዘዣ ከዳኛ አላወጡም። ጠዋት በኒው ዮርክ ሆቴል ክፍሉ ገብተው ከኛ ጋር ሥራ ብለው ጠየቁት፤ እምቢ ሲል በራፍ ላይ ይጠብቁ የነበሩ የስደተኛ ጉዳይ ሰዎች የራሳቸው ሹም የፈረመበትን ወረቀት ይዘው ገቡና ያዙት፣ ክፍሉንም በረበሩ። የተገኘው ዕቃ ለስለላው ክስ ማስረጃ ሆኖ 30 ዓመት ተፈረደበት። (በ1962 በርሊን ላይ በአሜሪካዊ አብራሪ ተለወጠ።) ጉዳዩ በ1960 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ብርበራው ጸደቀ። የአምስቱን ውሳኔ የጻፈው ማን ይመስላችኋል? ያው ፌሊክስ ፍራንክፈርተር፤ በ1920 ቦስተን ላይ ለእስረኞቹ የቆመው ሰው! ጸጉሩ ሸብቷል፣ ዳኛ ሆኗል። ያለው ባጭሩ፣ ይህ ዓይነት የሹም ማዘዣ የቆየ ልማድ ነው፣ ፖሊሶቹም በቅን ልቡና ነው የሠሩት ነው። ዳኛ ብሬናን ተቃውሞ ሲጽፍ ጣቱን ያሳረፈው እዚያችው ቦታ ላይ ነው፤ የሚይዘውና ያዙ ብሎ የሚፈርመው አንድ ወገን ሲሆን መሐል የቆመ ማንም የለም አለ።

እኛ በዚህ ላይ ተከፋፈልን፣ እስካሁንም አልተስማማንም። ግማሻችን «ሰላይ ከሆነ ምን ችግር አለ?» እንላለን። ሌላው ግማሽ «ሰላይ መሆኑን ካወቁ ለምን ዳኛ ዘንድ አልሄዱም? መንገዱ እኮ ሩቅ አልነበረም» ይላል። ይህ ጽሑፍ የሚያዘነብለው ወደ ሁለተኛው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሩጫ እንለፈው። በ1973 ፍርድ ቤቱ ከሜክሲኮ ድንበር ርቆ የሚዞር ጠባቂ ያለ ማዘዣና ያለ በቂ ምክንያት መኪና ሊበረብር አይችልም አለ። በ1975 መልኩ የሜክሲኮ ሰው መምሰሉ ብቻ መኪና ለማስቆም አይበቃም ተባለ። በ1976 ደግሞ በቋሚ ኬላ ላይ ያለ ጥርጣሬም ማስቆም ይቻላል ተብሎ ተፈቀደ። አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ።

በ1984 የሆነው ግን በሩጫ የሚታለፍ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የመኪና ጥገና ቤት ባለቤት ለመጡት የስደተኛ ጉዳይ ሰዎች «በሥራ ሰዓት ሠራተኞቼን አታነጋግሩም» ይላል። ማዘዣ አልያዙም። አንደኛው ባለቤቱን በወሬ ይዞት ሳለ ሌላው ወደ ውስጥ ዘልቆ አንድ መካኒክ ጠየቀ፤ መካኒኩ የተናገረው ለመባረሩ ማስረጃ ሆነበት። አቤቱታው ሲቀርብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሚዛን አወጣ፤ ቃሉም ይኸው ነው፣ ጥቅምና ጉዳት መመዘን። አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ከአገር ማስወጣት የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ስለሆነ በሕገ ወጥ አያያዝ የተገኘ ማስረጃም ቢሆን ሊቀርብበት ይችላል ተባለ፤ በጣም ያፈጠጠ በደል ለታየበት ብቻ ትንሽ ቀዳዳ ተተወች። ሽማግሌው ፖስት በመዝገብ ክምሩ መሐል ያነሣት ሦስተኛ ጥያቄ በ64 ዓመቷ ከስደተኛው መዝገብ ወጣች። ያወጣቻት ደግሞ ያቺው የ1893 ቃል ናት። መሥሪያ ቤቱ በራሱ ደንብ ራሱን ይቆጣጠራል የሚለው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። አራቱ ተቃዋሚዎች ይህን አላመኑበትም፤ የ1919ኙን የደንብ ለውጥ ያነበብን እኛም አላመንንበትም።

በ2025 ሴፕቴምበር 8 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሎስ አንጀለስ ጉዳይ የታች ዳኛ የሰጠችውን እግድ አነሣ። እግዱ ሰውን በዘሩ፣ በአነጋገሩ፣ በቆመበት ቦታና በሥራው ዓይነት ብቻ ማስቆምን የሚከለክል ነበር። አብላጫዎቹ ዳኞች ለውሳኔያቸው የጋራ ምክንያት አልጻፉም። ይግባኙ ገና ስለነበር የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ቢሆንም የ1975ቱን ውሳኔ ላነበበ ያስደነግጣል።

ይህን ሁሉ አንብበን ስንመለስ ጓደኛችን ለወንድሙ ደወለ፤ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጦ ሁላችንም ከበብነው። የሕግ ተማሪው ቀስ አድርጎ አስረዳው። ሁለት ዓይነት ወረቀት አለ። አንደኛው ከፍርድ ቤት የሚወጣ፣ የዳኛ ስምና ፊርማ ያለበት፣ የሚበረበረውን ቤት አድራሻ ለይቶ የሚጽፍ ነው። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱ ሹም የሚፈርመው ነው፤ እሱ ሰውዬውን ለመያዝ ነው እንጂ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የመኖሪያ ቤት ለመግባት አይደለም ሲባል ነው የኖረው። «እና ያሳዩዋችሁ የትኛው ነበር? ከታች ምን ይላል?» አለው።

ወንድምየው ትንሽ ዝም አለ። «እኔ እንጃ፣ አላነበብነውም» አለ፤ «ሲወጡ ይዘውት ሄደዋል።»